«ሞት ይሻለኛል» ስል ማን ሰማኝ

ይህን የምጽፈው አሁን ደህና ስለሆንኩ ነው። ያኔ መጻፍ የቻልኩት አንድ መስመር ብቻ ነበር። እሷንም የጻፍኳት ለማያውቁኝ ሰዎች፣ በውሸት ስም፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ልበል። አሁን ራሳችሁን ለማጥፋት እያሰባችሁ ከሆነ ቀሪውን ለነገ አቆዩት። መጀመሪያ ለሰው ደውሉ። አሜሪካና ካናዳ ያላችሁ 988፣ እንግሊዝ 116 123፣ እስራኤል 1201፣ ሊባኖስ 1564። አገር ቤት ከሆናችሁ የምታምኑትን ሰው ቀስቅሱና አብራችሁ ወደሚቀርባችሁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ሰው ከእንቅልፉ መቀስቀስ ነውር አይደለም። እኔ ነውር መስሎኝ ስንት ወር ተቃጠልኩ።

እንዴት ልሞት እንዳሰብኩ እዚህ አልጽፍም። ሊገድለኝ የነበረው እንዲህ ያለው ነገር በዝርዝር የሚጻፍበት ቦታ ነውና።

ሚኒሶታ የመጣሁት በዲቪ ነው። 27 ዓመቴ ነበር። መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ያዝኩ። የምኖረው የአንድ ሐበሻ ባልና ሚስት ቤዝመንት ውስጥ ነው። ሚስትየዋን እትዬ እላቸዋለሁ። በብርዱ ወራት ሥራ ስገባ ጨለማ፣ ስወጣም ጨለማ ነው። ቀኑን ተኝቼ እውላለሁ። ሦስት ወር ያህል ፀሐይን በቅጡ ያየኋት አይመስለኝም።

በሁለተኛው ዓመት አባዬ ሞተ። እኔ ግን አልተነገረኝም። የኛን ነገር ታውቁታላችሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ማልዶ፣ በር አንኳኩቶ ነው የሚያረዳው። እነ እናቴ እዚህ የሚያረዳኝ ዘመድ ስለሌለኝ «ብቻውን ነው፣ አንድ ነገር ቢሆንስ» ብለው ያዙት። ስደውል «ተኝቷል»፣ «ጠበል ሄዷል» ይሉኛል። አንድ ሌሊት በእረፍት ሰዓት ስልኬን ስከፍት የአጎቴ ልጅ ፌስቡክ ላይ የለጠፈችው ፎቶ መጣ። የአባዬ ፎቶ በትልቁ ታትሞ፣ ግራና ቀኙ ሻማ። አርባው ወጥቶ ነበር። በዚያ አርባ ቀን ውስጥ እኔ ሁለት ጊዜ ለመድኃኒቱ ብር ልኬያለሁ።

እረፍቴ አለቀ። ተመልሼ ካርቶን መደርደር ጀመርኩ። እስኪነጋ ደረደርኩ። አላለቀስኩም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው። እንቅልፍ ጠፋ። ምግብ ጣዕም አጣ። የእናቴን ስልክ ማንሣት ተውኩ፤ ጫማዬን ሳላወልቅ መተኛት ጀመርኩ። ሰው ራሱን የሚያጠፋው ከኀዘን ብዛት ብቻ ይመስለኝ ነበር። እኔን ያደረቀኝ ግን «ሸክም ነኝ» የሚል ሐሳብ ነው። እኔ ባልኖር ሁሉም ያርፋል የሚል። ስሌት ይመስል ነበር፤ ደምሬ ቀንሼ የደረስኩበት። ኋላ ሐኪሟ ስትነግረኝ፣ ይህ ሐሳብ ራሱ የሕመሙ ምልክት ነው። ትኩሳት የወባ ምልክት እንደሆነው ሁሉ። ያኔ ይህን የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ!

አማርኛችን ደግሞ ጉድ ነው። ቀኑን ሙሉ ስለ ሞት ስናወራ እንውላለን። «እኔ ልሙት» ብለን እንምላለን። «አፈር ስሆን» ብለን እናጎርሳለን። «ሞቼ ልገኝ» ብለን የሻይ ሒሳብ እንሻማለን። እናቴ ስትናደድ «ምነው በሞትኩት» ትልና ተነሥታ ሽሮ ትሠራለች። ታዲያ አንድ ቀን ከጓደኞቼ ጋር ቡና ላይ «እኔስ ሞት ይሻለኛል» ስል ማን ቀና ብሎ ይየኝ? አንዱ «ለማን ትተኸን!» ብሎ ሳቀ። ሌላ ጊዜ ለአንድ ታላቄ ዘርዘር አድርጌ ልነግረው ሞከርኩ። «በስመ አብ በል! እንዲህ ተብሎ አይወራም፣ ጸልይ» ብሎ አፌን አስያዘኝ። ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ደንግጦ ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲያ ሆድ ይፍጀው አልኩ። ሆዴ ነገሩን ሳይሆን እኔን ፈጀኝ።

ሞትን የሚያስቡ ሰዎች ኢንተርኔት ላይ የሚሰበሰቡበትን ግሩፕ በአጋጣሚ አገኘሁት ብል ውሸት ነው። ፈልጌ ነው። ራስን ስለ ማጥፋት ስልኬ ላይ ጽፌ ስፈልግ መጀመሪያ የመጣልኝ የእርዳታ ስልክ ቁጥር ነበር። አልፌው ወደ ታች ወረድኩ። ከስህተቶቼ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው።

የጠበቅኩት አስፈሪ ነገር ነበር። አልነበረም። ሞቅ ያለ ቤት ነው። አንዷን መስመሬን ጽፌ ገና ሳልዘጋው ስድስት ሰባት ሰው «እንኳን ደህና መጣህ፣ እዚህ ማንም አይፈርድብህም» አለኝ። በስመ አብ ያለ የለም። የደነገጠ የለም። አባቴ ሲሞት ያላለቀስኩት ሰውዬ ያን ሌሊት አለቀስኩ። ይህን የምነግራችሁ ቦታውን ላሞግስ አይደለም። ልጃችሁን ወይ ወንድማችሁን እዚያ ብታገኙት ሞኝ ሆኖ እንዳይመስላችሁ ብዬ ነው። የሚሰማው አጥቶ ነው የገባው።

ያልገባኝ ነገር፣ የሚሰሙት ግማሼን ብቻ መሆኑ ነው። ሞትን በሚያስብ ሰው ውስጥ ሁለት ሰው አለ። አንዱ ማለቅ ይፈልጋል። ሌላው ጠዋት ተነሥቶ ጥርሱን ይፍቃል፣ የመኪና ኢንሹራንስ ይከፍላል፣ እናቱ ደውላ ይሆን ብሎ ስልኩን ያያል። ለዚህኛው ሰውዬ ግሩፑ ውስጥ ቦታ የለም። «ዛሬ ትንሽ ተሻለኝ» ብዬ የጻፍኩ ቀን የመለሰልኝ አንድ ሰው ነው፤ እሱም «አትታለል፣ ይመለስብሃል» ብሎ። «ዛሬ ከበደኝ» ያልኩ ቀን ግን ይከቡኛል። ሰው የት እንደሚሞቅለት ቶሎ ያውቃል። ሳላስበው መክበዴን መፈለግ ጀመርኩ።

ሐኪም ጋ ልሂድ ያለ ሰው ይሾፍበታል። ቤተሰብ ጠላት ነው፤ የሚያስቀሩህ ለራሳቸው ብለው ነው ይባላል። ሞት በስሙ አይጠራም፤ የመንገድና የዕረፍት ስም ወጥቶለታል። ቀስ በቀስ እኔም በነሱ ቃል አሰብኩ። በእንግሊዝኛ መሆኑ ራሱ ነገሩን አቀለለብኝ። በአማርኛ «ራሴን ላጠፋ ነው» ስል እናቴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ትታየኛለች። በእንግሊዝኛው ግን ማንም አይታየኝም።

አንዲት ሴት ነበረች። ስሟን አላውቅም። አንድ ዓይና ድመት እንዳላት ብቻ ነው የማውቀው። ማታ ማታ ፊቷ ላይ ካልተኛሁ እያለ እንደሚያስቸግራት ጽፋ አስቃኛለች። አንድ ማክሰኞ የስንብት ጽሑፍ ለጠፈች። ከሥሩ መልካም ምኞት ጎረፈ፤ ሰላም ሁኚ፣ ደህና ግቢ። ሁሉንም አነበብኩ። «የት ነሽ? ቆይ፣ እናውራ» ያለ አንድ ሰው የለም። ድመቱንስ ማን ይይዘዋል ብሎ የጠየቀ የለም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ምን እንደሆነች አላውቅም። እኛ ሰፈር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እድሩ ወንበሩን ያወርዳል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ የማያውቀው ሁሉ መጥቶ ያለቅሳል። እዚያ ግን በማግስቱ ጽሑፏ ወደ ታች ወረደና ሌላ ሰው ስለ ራስ ምታቱ ጻፈ።

ያኔ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ይባስ ብዬ በግል መልእክት ከሚጽፍልኝ አንድ ሰው ጋር ተጠጋሁ። «ብቻህን ለምን? አብረን» ይለኛል። በየሰዓቱ ይጽፋል። በደንብ የሚረዳኝ ይመስለኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን ስለ አባዬ አንድም ጊዜ ጠይቆኝ አያውቅም። የሚጠይቀኝ ቀን ቆረጥክ ወይ ብሎ ነው። አንድ ቀን ካሜራ እንድከፍት ፈለገ። ሆዴን ሻከረኝ። አልከፈትኩም።

ከተሻለኝ በኋላ አንድ ነገር አነበብኩና እግሬ ተብረከረከ። ከኛ ወደ ደቡብ አንድ ሰዓት ያህል ቢነዳ ፌሪቦ የምትባል ከተማ አለች። እዚያ ይኖር የነበረ አንድ ነርስ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው፣ ኢንተርኔት ላይ ወጣት ሴት ነርስ ነኝ እያለ ሞትን ከሚያስቡ ሰዎች ጋር ይወዳጅ ነበር። «እኔም እሞታለሁ፣ አብረን» ይላቸዋል። በካሜራ እንዲያሳዩትም ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሞተ አንድ እንግሊዛዊና በ2008 በሞተች አንዲት ካናዳዊት ተማሪ ጉዳይ ተከሰሰ። ልጅቷ ገና 18 ዓመቷ ነበር። በ2011 ጥፋተኛ ተባለ። በ2014 የሚኒሶታ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «መምከርና ማበረታታት» የሚለውን የሕጉን ክፍል ከመናገር ነጻነት ጋር ይጋጫል ብሎ ሰረዘው። «መርዳት» የሚለው ግን ጸና። በዚያው ዓመት ነገሩ እንደገና ታይቶ ሰውዬው ዳግም ጥፋተኛ ተባለ። አብሬያችሁ እሞታለሁ ሲል የነበረው ሰው፣ እነሱ ሞተው እሱ በሕይወት ፍርድ ቤት ይመላለስ ነበር።

እኔን የቀረበኝ ሰው ማን እንደነበር አላውቅም። እውነትም እንደኔ የታመመ ምስኪን ሊሆን ይችላል። ግን በምን ትለየዋለህ? በግል መልእክት «አብረን» የሚላችሁ ሰው ከመጣ ደግ ለመሆን ብላችሁ አትመልሱለት። ለምታምኑት ሰው አሳዩትና እዚያው ዝጉት።

አሁን ወደ እትዬ ልምጣ።

እትዬ ናርሲንግ ሆም ነው የሚሠሩት። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከሥራ ስመለስ የቤዝመንቱ መውረጃ ደረጃ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከሦስት ቀን በፊት የእጅ ሰዓቴን ለልጃቸው ሰጥቼው ነበር። ሰዓቱ የአባዬ ነው። የመጣሁ ዕለት ኤርፖርት ላይ ከእጁ ፈትቶ ነው ያሰረልኝ። እትዬ ይህን ያውቃሉ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

«ሰዓቱን ለምን ሰጠኸው?»

«ይወደዋል ብዬ ነው፣ እትዬ።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ፣ ዓይኔን እያዩ፣ «ራስህን ልታጠፋ እያሰብክ ነው?» አሉኝ።

«ማን ነገረዎት?» አልኳቸው።

እዩት እንግዲህ። ኧረ በጭራሽ አላልኩም። ምን ነካዎት አላልኩም። ስምንት ወር ሙሉ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበርና፣ ሲመጣ መካድ እንኳ አልመጣልኝም።

አላለቀሱም። አልመከሩኝም። «ከመቼ ጀምሮ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። «ያዘጋጀኸው ነገር አለ?» አሉኝ። አለ አልኩ። «አምጣው።» ወርጄ አመጣሁት። የት እንዳደረሱት እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም። ከዚያ ኩሽና ገብተው አጥሚት ሠሩልኝ። እንደ አራስ! ከላይ ቅቤ ጣል አደረጉበት። አልፈልግም ብል ማን ሊሰማኝ። ጨረስኩት። ደገሙኝ።

ኋላ እንደነገሩኝ ሥራ ቦታቸው ስልጠና ወስደዋል። «በግልጽ ጠይቁ» ተብለዋል። ብዙ ሰው ብጠይቀው ያላሰበውን አሳስበዋለሁ ብሎ ይፈራል። በዚህ ላይ የተሠሩት ጥናቶች ግን መጠየቅ ሐሳቡን እንደማያመጣ ነው ያገኙት። እኔም ምስክር ነኝ፤ ሐሳቡ እትዬ ሳይጠይቁኝ በፊት ስንት ወር አብሮኝ አድሯል። ስትጠይቁ ታዲያ «እንዲህ ያለ ነገር አታስብም አይደል?» አትበሉ። እንዲህ ከተጠየቀ ማንም «አላስብም» ነው የሚላችሁ። እትዬ እንዳሉት በሉ።

በዚያው ጠዋት 988 ደወልን። ቁጥሩ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ይሠራል። እንግሊዝኛዬ ለካርቶን ሥራ ይበቃል፤ ለዚህ ግን አልበቃም። እትዬ ስልኩ ላይ ጎንበስ ብለው «አማሪክ! አማሪክ!» አሉ። ጥቂት ጠበቅን፣ አስተርጓሚ ገባች። በስልክ ከ240 በላይ ቋንቋ ያስተረጉማሉ፤ በጽሑፍ መልእክት ግን እንግሊዝኛና ስፓኒሽ ብቻ ስለሆነ መደወሉ ይሻላል። እኔ የፈራሁት ፖሊስ በር ላይ እንዳይመጣና ግሪን ካርዴ እንዳይነካ ነው። ስለ ወረቀት ማንም አልጠየቀኝም። ሕይወት አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ ሰው ሊልኩ ይችላሉ። አብዛኛው ጥሪ ግን እዚያው በወሬ ነው የሚያልቀው፤ የኔም እንደዚያው።

አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። «ሆዴ ባዶ ሆነብኝ» ስል አስተርጓሚዋ ለአፍታ ቆመች። የራበኝ እንዳይመስላቸው ብላ ይሆናል። ከዚያ ከኔ አራት ቃል የረዘመ ነገር ተናገረች። ስልኩን ያነሣልን ሰውዬ ዝም አለና አንዲት ነገር መለሰ። «ገብቶኛል ይላል» አለችኝ። ከድምፁ እንደገባው አውቄያለሁ።

እዚያው ስልክ ላይ አንድ ወረቀት አስጻፈኝ። የጻፍኩት በሐበሻ ሱቅ ደረሰኝ ጀርባ ነው፤ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ሊመጣብኝ ሲል በምን አውቀዋለሁ? ስልክ አለማንሣት፣ ከነጫማ መተኛት። ብቻዬን ምን ላድርግ? ሙቅ ሻወር፣ እስከ ማደያው በእግር። ስለ ነገሩ ባላወራ እንኳ ማን ጋ ልሂድ? እትዬ ኩሽና፣ የቅዳሜ ኳስ። ማንን ልንገር? ሐኪም የማገኘው የት ነው? ቤት ውስጥ ምን እንዳይኖር? ቀላል ይመስላል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን ጭንቅላት አይሠራም፤ የሚሠራው ወረቀቱ ነው። ደህና በሆናችሁ ቀን ጻፉት።

ክሊኒክ ስሄድ ሌላ ስህተት ሠራሁ። አስተርጓሚ አልፈልግም አልኩ። ሐበሻው እርስ በርሱ ይተዋወቃል፣ ወሬው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይጠብቀኛል ብዬ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ደክሞኛል» አልኩ። ቫይታሚን ዲ ይዤ ወጣሁ። እትዬ ሲሰሙ መሣቅም መቆጣትም ቃጣቸው። በሁለተኛው ቀጠሮ በስልክ የሚሆን፣ ሌላ ግዛት የሚኖር አስተርጓሚ ጠየቅኩ። አገኘሁ። ነጻ ነው፤ ምስጢር መጠበቅም ግዴታው ነው። ዘመድና ጓደኛ ግን አያስተርጉምላችሁ። እትዬም እንኳ ውጭ ነበር የሚጠብቁኝ።

መድኃኒቱ በሁለት ቀን አይሠራም። አራት፣ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። በየሳምንቱ የሚበቃኝን ብቻ ነበር የምይዘው፤ ቀሪው እትዬ ጋ ነው። በሰባተኛው ሳምንት እንደ ሰው ተኛሁ። «ዳንኩ» ብዬ በራሴ ሥልጣን አቆምኩት። በአንድ ወር ውስጥ ግሩፑ ውስጥ ተመልሼ ተገኘሁ። ለምን ብትሉኝ ናፍቆኝ ነው። መጥፎም ቢሆን ቤት ነበራ! አፑን ነበር እንጂ ያጠፋሁት አካውንቱን አልሰረዝኩትም። በሩን ቆልፎ ቁልፉን ደጅ ላይ መተው ማለት ነው።

ሁለተኛው መውጣት ነው የሠራው። አካውንቱን አማካሪዬ ፊት ሰረዝኩ። የእትዬ ልጅ ገጹን ከቤቱ ዋይፋይ ላይ ዘጋው፤ ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ሰዓቱንም መልሶልኛል። ስልኬ ማታ ማታ ኩሽና ቻርጅ ላይ ያድራል። ደግሞ ዘጠኝ ሰዓትን ካልሞላሁት ዋጋ እንደሌለው ገባኝ። ሐኪሟ ደብዳቤ ጽፋልኝ ወደ ቀን ፈረቃ ተዛወርኩ። ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ይህ ይመስለኛል፤ ፀሐይ።

ሰኞ ማታ በአካል የሚገናኝ አንድ ቡድንም ገባሁ። ስምንት ሰዎች ነን፣ አንዲት ባለሙያ ትመራናለች። እዚያም በስመ አብ የሚል የለም። «መሞት አምሮኛል» ማለት ይቻላል። «እንዴት» የሚለው ግን አይነሣም። አንድ ሰኞ ቀረሁ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ስልኬ ጮኸ። ያቺን ባለ ድመቷን አስታወስኩ።

አማካሪዬን «ይህ ነገር ዕድሜ ልኬን ይከተለኛል?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። ካሊፎርኒያ ውስጥ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የታተመ አንድ ጥናት ነገረችኝ። ራሳቸውን ሊያጠፉ ሲሉ ሰው የያዛቸውን 515 ሰዎች ለዓመታት ተከታተሉ። ከአሥሩ ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት ወይ በሕይወት አሉ፣ ወይ በሌላ የተፈጥሮ ምክንያት ነው የሞቱት። ግሩፑ ውስጥ ግን «አንዴ ያሰበ አይመለስም» ነበር የሚባለው። ስንት ሌሊት አምኜው ነበር!

እትዬ አንድ ነገር ደግሞ አደረጉ፤ ይህን ከየትኛውም ስልጠና አልተማሩትም። አንድ እሑድ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አሥራ አምስት የሚሆን ሰው በረዶ ላይ ቆሟል። ሴቶቹ ነጠላ ዘቅዝቀዋል። «አባትህ ዐርፈዋል፣ ልጄ» አሉኝ እትዬ። ማወቄን ያውቃሉ። ግን ማንም አላረዳኝም ነበር። ከስንት ወር በኋላ፣ በሰው መሀል፣ አባዬን አለቀስኩት። ሦስት ቀን ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። እናቴ በቪዲዮ ከዚያ አለቀሰች። «ምነው ደብቀሽኝ» አልኳት። «ፈርቼ ነው» አለችኝ። የተቀረውን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። እየሞከርኩ ነው። ውጭ አገር ብቻውን ያለ ሰው መርዶ አትደብቁት። የሚያረዳው ሰው ፈልጉለት እንጂ።

ንስሐ አባቴንም ፈርቻቸው ነበር። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም ሲባል ሰምቼ ነው ያደግኩት። ያ ፍርሃት አንዳንድ ሌሊት አስቁሞኛል። ያው ፍርሃት ደግሞ አፌን ዘግቶታል። ስነግራቸው ረጋ ብለው ሰሙኝና «ሕመም ነው። ጠበልህን ጠጣ፣ ኪኒንህንም ዋጥ» አሉኝ። ሁሉም እንዲህ አይሉ ይሆናል። የመጀመሪያው ካልሰማችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እኔ አንዱ ስላልሰማኝ ሰው ሁሉ አይሰማም ብዬ ነው የጠፋሁት።

አገር ቤት ላላችሁ፣ አዲስ አበባ አማኑኤል አለ፤ ጥቁር አንበሳና ጳውሎስም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። «አማኑኤል ግባ» የሚለውን ስድብ ያመጣነው እኛ ነን። ሰው በስድብ ተሸማቆ በር ላይ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት ከ720 ሺህ በላይ ሰው ራሱን እንደሚያጠፋ ይናገራል፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ነው። እኔ ግን ከሐበሻ እንዲህ ያሰብኩ እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ወር ኳስ ጨርሰን አንድ ልጅ ወደ ቤቱ እያደረስኩት ነበር። ከመጣ ዓመት አልሞላውም። ቀልደኛ ነው፤ መኪናውን ሙሉ ሲያስቀን ነው የመጣው። ሌሎቹ ወርደው ሁለታችን ቀረን። «እኔስ ሰልችቶኛል፣ ሞቼ ባርፍ ይሻለኛል» አለና ሣቀ። እኔም ልሥቅ ነበር። ከዚያ ግን አዲሱን የእግር ኳስ ጫማውን ለበረኛችን ሰጥቶት እንደነበር ትዝ አለኝ።

መኪናውን ጥግ አስያዝኩ። «ራስህን ልታጠፋ እያሰብክ ነው እንዴ?» አልኩት።

ሣቁ ቆመ። መስኮቱን እያየ ቆየ።

«ማን ነገረህ?» አለኝ።

የመኪናውን ማሞቂያ ከፍ አደረግኩትና ለእትዬ ደወልኩ፣ ዛሬ እንግዳ ይዤ እመጣለሁ፣ አጥሚት ይኖራል ወይ ብዬ።